ሃምሳ አለቃ አባይነሽ ቦርድ ፊት

ወታደር ዋሾ ነው። ይህን የምናገረው እኔ ራሴ ወታደር ስለነበርኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው ግን አልምረውም። ተራው ሰው ሳያመው አመመኝ ብሎ ይዋሻል። ወታደር ደግሞ እያመመው ደህና ነኝ ብሎ ይዋሻል። በዚህ ውሸት የተነሳ በአርሲ ደጋ ስንቱ ጉልበቱ ተሰባብሮ፣ ስንቱ ፍንጣሪ በገላው ይዞ ያለ ጉዳት ጡረታ ቤቱ እንደተቀመጠ ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት አሰላ ውስጥ አለች። ሃምሳ አለቃ አባይነሽ ትባላለች። መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት አላት።

እኔ ሰኢድ እባላለሁ። ከቁርስ ቤቷ ቀጥሎ ያለው ጎሚስታ የኔ ነው። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ጎማ የምለጥፈው ቆሜ ነው፤ በዚህ ምክንያት ባለባጃጆቹ «ጄኔራሉ ጎንበስ አይልም» እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ። ጎማቸው ሲተነፍስ የሚመጡት እኔው ዘንድ ነው።

የአባይነሽን ሥራ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በጦርነት የተጎዳ ወታደር የጉዳት ጡረታ ሲጠይቅ ሐኪሞች ያሉበት ቦርድ ፊት ይቀርባል። ቦርዱ አይቶና ጠይቆ ጉዳቱን ይመዝናል። የእኛ ሰው ታዲያ ቦርድ ፊት መቅረብን የሚቆጥረው እንደ ሰልፍ ነው። ዋዜማውን ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፣ ከዘራውን ቤቱ ጥሎ ይወጣል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲለው ደረቱን ነፍቶ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!» ይላል። እኛ ሙስሊሞቹም ከዚያ አንሻልም፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለን እናርፈዋለን። ሐኪሙ የሰማውን ይጽፋል። ሰውዬው ጥያቄህ ውድቅ ሆነ ሲባል ግን ሰማይ ምድሩን ይረግማል።

ከሁሉም የባሱት ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። የጢቾ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጭናቸው ውስጥ ያልወጣ ፍንጣሪ አለ። የመጀመሪያው ቦርድ ፊት ሲቀርቡ ተረከዛቸውን ጧ አድርገው ሰላምታ ሰጡ። በየትኛው እግር? በታማሚው! ሕመሙ እስከ አናታቸው ወጣና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሐኪሙ ደንግጦ «ምን ሆኑ አባት?» ቢላቸው «አቧራ ገብቶብኝ ነው ጌታዬ» አሉ። የጋሽ ሀብተ ማርያም ጡረታ በአቧራ ቀረ።

አባይነሽ ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን አላናገረቻቸውም። በሦስተኛው ቀን አስጠርታ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠቻቸውና ልምምድ ጀመሩ። ልጇ ራሄል ፋርማሲ ትሠራለች፤ አባይነሽ የራሄልን ነጭ ጋዋን ደርባ ሐኪም ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ፣ ቁርስ በልቶ የሚሄደው ሰው ሲቀል፣ ቁርስ ቤቱ ቦርድ ይሆናል። እኛም ከጎን ተቀምጠን እንፈርዳለን።

ዘንድሮ የአርበኞች ቀን ሲቃረብ ቦርዱ አሰላ እንደሚመጣ ተነገረ። በበዓሉ ዋዜማና በማግስቱ ይቀመጣል ተባለ። ጋሽ ሀብተ ማርያም እንደገና ሊቀርቡ ነው። አባይነሽ ጋዋኗን ቆለፈች።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ሀብተ ማርያም?»

«ይመስገን! አንቺስ? ልጅሽ ደህና ናት?»

«ወድቀዋል!»

«ምነው ልጄ፣ ሰላምታ እኮ ነው።»

«ሰላምታ አይደለም፣ ምርመራ ነው። እንደገና። እንዴት ነዎት?»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ጣሪያውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «እንግዲህ... ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ቁርስ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባይነሽ አልሳቀችም። «እግርዎስ?»

«እግሬማ አለ።»

«ጋሽ ሀብቴ!» አለች ጠረጴዛውን መታ አድርጋ። «እትዬ አበባ ሁሉንም ነግረውኛል። ልብስ ሲለብሱ ማን ነው የሚያግዝዎት?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። የሚስታቸውን ስም ሲሰሙ ኩራታቸው እንደ ጎማ ተነፈሰ። ቀስ ብለው ተናገሩ። «ሱሪዬን ብቻዬን መልበስ አልችልም። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ማስቀደስ ትቻለሁ። መቋሚያ ተደግፌም አልቻልኩም፤ ከውጭ ከድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው። ሰው እንዳያየኝ ደግሞ ከበስተጀርባ ነው የምቀመጠው።»

አባይነሽ ጋዋኑን ፈትታ እጃቸውን ያዘችና «አሁን አለፉ» አለቻቸው። እኔ ጎሚስታ ቤት ጎማ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ጎማ አልነበረም፤ አልቅሼ ነው።

እሷ ማስዋሸት አታውቅም። አንዴ አንድ ጤነኛ ሰው ልምምዱን ሰምቶ መጣና ሲያነክስ አየችው። «ባለፈው ሳምንት በሌላኛው እግር ነበር የምታነክሰው» ብላ በጭልፋ አሳዳ አስወጣችው። ሁልጊዜ የምትለን አንድ ነገር ነው፦ «ያልነበረ አትጨምሩ፤ የነበረውን አትደብቁ።» እንዲህ ሆነው በእሷ እጅ ያለፉት ብዙ ናቸው። የአሰላውም፣ የሳጉሬውም፣ የጢቾውም። እኔም አንዱ ነኝ።

አባይነሽ የሳጉሬ ልጅ ናት። ቅድመ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው። አባቷ ገብስ ያርሱ ነበር። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ስለያዘችው ስትቆጣ የሚቀናት ኦሮምኛ ነው። የባድመ ጦርነት ሲነሳ ገና ወጣት ነበረች። አባቷ «ሴት ልጅ እዚያ ምን ልትሠራ?» ቢሏት «የወደቀውን ማን ያነሳዋል?» ብላ መኪና ላይ ወጣች። እንዳለችውም ቁስለኛ አንሺ ሆነች። ቃሬዛውን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል ፀዲ የምትባል የአሰላ ልጅ ይይዙታል። ሁለቱ አብረው ይበላሉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ይተኛሉ፣ በአንድ ማበጠሪያ ያበጥራሉ።

ጉልበቴ የተመታ ዕለት ከምሽግ አውጥተው የተሸከሙኝ እነሱ ናቸው። ያን ጊዜ ወፍራም ነበርኩ። አባይነሽ እስከ ዛሬ ድረስ «ወገቤን ጠላት አልሰበረውም፤ አንተ ነህ የሰበርከው» ትለኛለች። እኔ ሆስፒታል ሳለሁ ሁለቱ ቁስለኛ ይዘው ሲመለሱ የመድፍ ጥይት አጠገባቸው ወደቀ። ፀዲ እዚያው ቀረች። አባይነሽ ከሁለት ጆሮዋ ደም እየፈሰሰ ቁስለኛውን በጀርባዋ አዝላ አወጣችው። ሰውዬው አንድ እግር አልነበረውም። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ እሷ ስለዚያ ቀን አታወራም።

የግራ ጆሮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። ቀኙ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ይህን የምናውቀው አብረናት የነበርን ብቻ ነን፤ እኛም በአፋችን አንስተነው አናውቅም። የሰው አፍ እያየች ትሰማለች። ቁርስ ቤት ስትከፍት ምድጃውን ከግድግዳ አስጠግታ ሠራች፤ ጀርባዋን ለግድግዳ፣ ፊቷን ለበር ሰጥታ ነው የምትሠራው። ከኋላዋ ቆሞ ፉል የሚያዝ የለም። ከጎን የተናገራትን ሰው «ፊት ለፊቴ መጥተህ አናግረኝ፤ ዓይኑን የማላየውን ሰው አላናግርም» ትለዋለች። እንግዳው ሰው ኩሩ ናት፣ የወታደር ግትር ናት ይላታል። እሷም እንደዚያ ቢላት ትመርጣለች።

በየዓመቱ በዓሉ ላይ የሕሊና ጸሎት ሲደረግ አጠገቤ ትቆማለች። ጸሎቱ አበቃ ሲባል በክርኔ ነካ አደርጋታለሁ፤ ቀና ትላለች። ለምን እንደምነካት ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ተበላሸ። ከገበያ ቲማቲም ገዝታ አስፋልቱን ስትሻገር ባጃጅ ከኋላዋ መጣ። ልጁ ጡሩንባውን አንባረቀው፤ መንገዱ ሁሉ ዞረ፤ እሷ ብቻ አልዞረችም። ባጃጁ ዘንቢሏን ገጭቶ ጋሪ ስር ገብቶ ቆመ። ቲማቲሙ ተበተነ። አባይነሽ ባለባጃጁን በሁለት ቋንቋ ሰደበችው፤ «ጡሩንባ የለህም?» አለችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ራሄል ከፋርማሲው በር ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች።

ራሄል እናቷን ጎትታ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ግራው የለም፤ ቀኙም እየሄደ ነው ተባለ። ባለበት እንዲቆይ ክትትልና መሣሪያ ይፈልጋል። ጉዳቷ በጦር ሜዳ የደረሰ መሆኑን ቦርዱ ከተቀበለው ጡረታውም ሕክምናውም ይፈቀድላታል። ካልተቀበለው ቀኙም ይሄዳል፤ አባይነሽም ቁርስ ቤቷን ዘግታ ቤቷ ትቀመጣለች። ራሄል ይህን እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም ለአባይነሽ ነገርኳት። ያገኘሁት መልስ ስድብ ነው።

«እጅ የሌለው፣ እግር የሌለው የተሸከምኩ ሰው ነኝ። ለጆሮ ብዬ ቦርድ ልቅረብ? ሰው ምን ይለኛል? ፀዲ ምን ትለኛለች?»

«ፀዲ ሞታለች አባይነሽ» አልኳት።

«ለዚያ ነዋ!» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችው በኦሮምኛ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ያሸነፏት ነገሩን ከራሄል የሰሙት ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ልምምዱን ያለፉ ዕለት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «አንቺ ካልቀረብሽ እኔም አልቀርብም» አሉ። እንደ ቀልድ ነበር የያዝነው። በማግስቱም ያንኑ አሉ። እትዬ አበባ ከጢቾ በሚኒባስ መጥተው ቢለምኗቸውም አልተነቃነቁም። አባይነሽ ሽማግሌው በእሷ ምክንያት ሁለተኛ ውድቅ ሲሆኑ ማየት አልቻለችም። «እሺ፣ እቀርባለሁ» አለች። «ግን እኔን ማንም አያለማምደኝም። አለማማጇ እኔ ነኝ።»

ማል ጎና! ምን እናድርግ? እሺ አልናት።

የበዓሉ ዋዜማ ቦርዱ የተቀመጠበት አዳራሽ ደጃፍ በወታደር ተሞላ። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። የቦርዱ ሰብሳቢ ዶክተር ለሊሴ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት፤ ለሁሉም ከመቀመጫዋ እየተነሳች ነው የምትቀበለው። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከዘራቸውን ይዘው፣ ያልተጠረገ ጫማቸውን አድርገው ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሱሪውንም ነገርኳት» አሉ። «ሁሉንም ነገርኳት። በእግሬ ላይ እጇን አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ምን አደረገችኝ?»

ከዚያ አባይነሽ ገባች። ራሄልና እኔ ደጅ ቆመን ጠበቅን። ራሄል ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔ በልቤ የቁርኣኑን ፋቲሃ እቀራለሁ። ብዙም አልቆየች። ስትወጣ ፊቷ በርቷል፤ ልክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ተማሪ ትመስላለች።

«አለፍኩ!» አለች።

«ምን አሉሽ?» አላት ሁሉም ሰው።

«የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ! አንድም አልሳትኩም። ዶክተሯ መጨረሻ ላይ ከኋላዬ ሄዳ በሹክሹክታ ቃል እየጠራች አስደገመችኝ። ከፊቴ የመስታወት ቁም ሳጥን አለ፤ አፏ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሁሉንም ደገምኩላት። አንዱ ሐኪም ራሱ ተገርሞ "ጆሮዎ ከእኔ ይሻላል" አለኝ!»

ራሄል እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ጅል ነገር ስንት ሰው ሲሠራ አይቻለሁ፤ ከእሷ ግን አልጠበቅሁም። ጋሽ ሀብተ ማርያም በከዘራቸው እየተደገፉ ፊት ለፊቷ መጥተው ቆሙ።

«አባይነሽ» አሏት ቀስ ብለው፤ «ወድቀሻል።»

ኩም አለች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ማንንም ሳታይ ወደ ቁርስ ቤቷ ሄደች። መንገድ ስትሻገር ራሄል ሮጣ ክንዷን ያዘቻት። አባይነሽ ልታስለቅቃት ሞከረች፤ ልጅቱ አልለቀቀቻትም።

በማግስቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ስታዲየሙ በሰንደቅ ዓላማ ደምቋል። ተማሪዎች በሰልፍ፣ ማርሽ ባንድ፣ የአርበኛ አባቶቻቸውን ፎቶግራፍ የታቀፉ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም አለ። እኛ የቀድሞ ወታደሮች ከመድረኩ ፊት ለፊት ተደረደርን። አባይነሽ ግን ከእኛ ጋር አልነበረችም። ለጉዳተኛ ወታደሮች ባደረገችው እገዛ የምስጋና ምስክር ወረቀት ስለሚሰጣት መድረኩ ላይ ከባለሥልጣናቱ ጎን አቁመዋታል። ከእኛ ጋር ከትናንት ወዲህ አልተነጋገረችም። ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳ ደረቷ ላይ ሜዳሊያዋን አድርጋለች። ፊቷ ቁጡ ነው።

ዶክተር ለሊሴና ባልደረቦቿም ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጠዋል።

ንግግሩ ረዘመ፤ የበዓል ንግግር መቼም አያጥርም። ከዚያ ለወደቁት የሕሊና ጸሎት እንድናደርግ ተጠየቅን። ባርኔጣችንን አወለቅን። አባይነሽ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗን ስትጨፍን ከታች ሆኜ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ክርኔ የት ነው ያለው? እዚህ፣ መድረኩ ስር!

አስተናጋጁ በድምፅ ማጉያው «አመሰግናለሁ» አለ። ሰው ተቀመጠ። ባንዱ መምታት ጀመረ። አባይነሽ አንገቷን እንደደፋች ናት። ባለሥልጣናቱ ተቀመጡ፤ እሷ ቆማለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት፤ ጸሎቷ ረዘመ ብሎ መሰለኝ ፈገግ አለ። ከተማሪዎቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ልሂድ ብል ጉልበቴ፣ ልጣራ ብል ማን ሊሰማኝ!

ጋሽ ሀብተ ማርያም ባርኔጣቸውን ገና አጥልቀው ነበር። መልሰው አወለቁት። ከዘራቸውን ተክለው ተነሱ፤ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ተነሳሁ። ከጎኔ ያለው ተነሳ፤ ከኋላዬ ያለው ተነሳ። ረድፉ ሁሉ ቆመ። የባንዱ መሪ ወታደሮቹ እንደገና ሲቆሙ አይቶ ግራ ገባውና እጁን አወረደ፤ ሙዚቃው ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ተነሱ፤ እንግዶቹ ተነሱ፤ መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ተያይተው ተነሱ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። የሰንደቅ ዓላማው ገመድ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

አባይነሽ ጸሎቷን ስትጨርስ ቀና አለች። አየች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ገና አላበቃም ብላ መልሳ ደፋች!

አሁንም የምስቀው በዚህ ነው፤ ያኔ ግን እንባዬን ነበር የምጠርገው። እሷ እኛን ትጠብቃለች፣ እኛ እሷን እንጠብቃለን። እንደዚያው ብንተው ኖሮ እስከ ማታ በቆምን። የመድረኩን ደረጃ በእጄ ድጋፉን እየያዝኩ፣ አንዱን እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ሺ ሰው እያየኝ አነከስኩ። አጠገቧ ደርሼ ክርኗን ነካሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። እዚያ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ ዓይኗ። ከዚያ ሰዎቹ ሲቀመጡ፣ ባንዱ ካቆመበት ሲቀጥል አየች። ሞኝ አይደለችም፤ ሁሉንም ተረዳችው። ምስክር ወረቀቱን ተቀብላ ወረደች።

በዓሉ ሲያበቃ ከስታዲየሙ በር ውጭ አቆመችኝ።

«ስንት ቆየሁ?»

«ቆየሽ።»

«ሳቁብኝ?»

«መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ። በኋላ ማንም አልሳቀም።»

«ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀኝ?»

«ሁሉም።»

ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር፤ ዓይኖቿን ጨፈን ከፈት አደረገች። «ከፀዲ ጋር ነበርኩ» አለች። «ሌላ ጊዜ ጸሎት አላደርግም ነበር እኮ ሰኢድ። ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ እንዳያመልጠኝ የሰው እግር ነው የማየው። ዛሬ ተናድጄ ስለነበር ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ዛሬ ገና ጸለይኩላት።» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ይህን ያህል ሰው ቆሞ ከጠበቀኝ ተደብቄ የኖርኩት ከማን ነው?»

እኔ ጎማ ነው የማውቀው።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። አዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ ከበሩ ፊት ቆማለች። ተራ አልያዘችም፤ ግን የተሰለፉት ሁሉ «እለፊ» አሏት። ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ ራሄልና እኔ ተከትለናት ገባን። አንዱ ሐኪም ሊያስወጣን ሲል ዶክተር ለሊሴ በእጇ ተወው አለችው። ለምን መጣችሁ ብላም አልጠየቀችም።

አባይነሽ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። «ዶክተር፣ የዛሬ ሁለት ቀን አታለልኩሽ። አፍሽን መስታወቱ ውስጥ እያየሁ ነው የመለስኩት። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ቀኙ ሊሄድ ነው። ባድመ ላይ ነው የተመታሁት። ጓደኛዬ እዚያው ስለቀረች የኔን ጉዳት ጉዳት ማለት አሳፍሮኝ ነበር። አሁን አላፍርም። ያመኛል፤ ያስፈራኛል፤ ልጄ እንኳ ከኋላዬ እማዬ ብትለኝ አልሰማትም።»

ራሄል አፏን በእጇ ያዘች። ዶክተር ለሊሴ ልትናገር ስትል አባይነሽ እጇን አነሳች።

«ቆይ። እንደገና መርምሩኝ። አሁን በትክክል።»

ወንበሩን በሁለት እጇ አነሳችው። ከመስታወቱ ቁም ሳጥን አራቀችው፤ ባዶው ግድግዳ ፊት አድርሳ ጀርባውን ለእኛ አዞረችው። ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ወገቧን ቀጥ አደረገች፣ ጠበቀች። ከኋላ ስትታይ ትንሽ ሴት ናት። እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ እኔን የተሸከመች ሴት ናት እኮ።

ዶክተር ለሊሴ ተነስታ ከኋላዋ ቆመች። በሹክሹክታ ጠራቻት። በተራ ድምፅ ጠራቻት። ስሟን፣ ማዕረጓን፣ የትውልድ ቦታዋን ጠየቀቻት። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሌላኛው ሐኪም የቁልፍ ዘለላ ከብረት ትሪ ላይ ጣለ፤ እኔና ጋሽ ሀብተ ማርያም ደንግጠን ዘለልን። አባይነሽ ትከሻዋ አልተነቃነቀም። ራሄል አላስቻላትም፤ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ግድግዳው እንኳ የሰማት መሰለኝ።

ዶክተሯ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከባልደረቦቿ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገረች፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ቀና ብላ «ተቀብለነዋል» አለችን። «የጦር ሜዳ ጉዳት ነው። ሕክምናውም ይጀመርላቸዋል።» ጋሽ ሀብተ ማርያም ከዘራቸውን ጥለው አለቀሱ፤ ከዘራው ወለሉ ላይ ተንኳኳ። ራሄል አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አባይነሽ ፊቷን ለግድግዳው እንደሰጠች ነበር። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቁጣ ቁጣ እያላት፣ ጮክ ብላ፣ «እሺ፣ ጀምሩ እንጂ!» አለች።